የአክስቴ የሰርግ ካሴት፣ ከቲቪ እስከ ቲክቶክ

የአክስቴን የሰርግ ቪዲዮ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩላት። ፍላት ቲቪዋ ላይ ስከፍትላት ግን፣ "እንደው ልጄ፣ ግራና ቀኝ ያለውን ጥቁር ነገር አታነሳልኝም? ቲቪው እኮ ሰፊ ነው" አለችኝ። ልጆቿ ደግሞ ለቲክቶክ የሚሆን ቁራጭ ይፈልጋሉ።

ነገሩ የአስፔክት ሬሾ፣ ማለትም የምስሉ ስፋት ለቁመቱ ያለው ምጣኔ ጉዳይ ነው። የድሮ ቲቪ 4 ለ 3 ነው፣ የአሁኑ 16 ለ 9። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ላይ የካሴቱ ምስል ሳይዛባ ሲቀመጥ 1440 ፒክስል ብቻ ስለሚይዝ፣ በየጎኑ 240 ጥቁር ይቀራል። ሪሞቱ ላይ ምስሉን ለጥጦ የሚሞላ ምርጫ አለ፣ ብዙ ቤትም እንደዛ ነው የሚታየው። እኔ አይመቸኝም፤ ሰውን ሁሉ በሲሶ ያሰፋዋል። ለጥጬ ሳሳያት፣ "ኧረ በስመአብ! ያኔ እንዲህ ወፍራም ነበርኩ እንዴ?" ብላ ጥቁሩን ራሷ መረጠች። ከላይና ከታች ቆርጦ መሙላትም ይቻላል፣ ግን የቁመቱ ሩብ ይሄዳል። ኬክ ሲቆረስ ወይ ቬሏ ይጠፋል ወይ ኬኩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት ሌላ ነገር አለ። የፓል (የድሮ ቲቪ ስታንዳርድ ነው) ካሴት ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ 720 በ576 ሆኖ ይወጣል፣ ይሄ ሲሰላ 5 ለ 4 ነው። ፒክስሎቹ ካሬ ስላልሆኑ ነው፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ካሬ ናቸው ብሎ ከተቀበላቸው ሰው ሁሉ ይከሳል። ወደ 768 በ576 ቀየርኩት። ለማረጋገጥ የሙሽራዋ መኪና ጎማ ከጎን የሚታይበት ቦታ ላይ አቁሜ፣ ቁመቱንና ስፋቱን ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ለካሁ። እኩል።

ቲክቶክ 9 ለ 16 ነው። ቆርጬ ልሙላው ካልኩ ከስፋቱ ግማሽ እንኳን አይተርፍም፣ ከተደረደሩት ሚዜዎች ሁለቱ ቢታዩ ነው። ስለዚህ አጎቴ ብቻቸውን እስክስታ የሚወርዱበትን ቆረጥኩ፣ ፍሬሙ እንዲከተላቸው ኪፍሬም (ፍሬሙ በየሰዓቱ የት እንደሚሆን የሚነግር ምልክት) እያስቀመጥኩ። ምስሉ ሲጎላ ስለሚደበዝዝ አጭር አደረግኩት። ብዙ ሰው ያለበትን ግን ሙሉውን መሃል ላይ 1080 በ810 አድርጌ፣ ከላይና ከታች ያለውን ባዶ ቦታ በዚያው ምስል ድብዝዝ ቅጂ ሞላሁት። ቪዲዮው ላይ የጻፍኩትን ጽሁፍ ከላይ በኩል አደረግኩት፣ ታች ያለውን ቲክቶክ በራሱ መግለጫ ይሸፍነዋላ!

ዋናውን ፋይል 4 ለ 3 እንደሆነ አስቀምጬዋለሁ። ጥቁሩን ቲቪው ራሱ ነው የሚጨምረው፣ ፋይሉ ውስጥ ካስገባችሁት ታብሌት ላይ ዙሪያውን ጥቁር ይሆንባችኋል።