አንድ ማደሪያ፣ ሁለት ሸለቆ፦ ለዮርክሻየር የመኪና ዕረፍት ዕቅድ

የሰሜን እንግሊዝን ገጠር በመኪና ለማየት ዕቅድ ስናወጣ መጀመሪያ የሚያሳስተን ካርታው ነው። ሌክ ዲስትሪክት፣ ዮርክሻየር ዴልስ፣ የሃድሪያን ግንብ፣ የኖርዝምበርላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ናቸው። አራት ቀን ያለው ሰው አራቱንም ይደረድርና በየቀኑ ሻንጣ ሲያስርና ሲፈታ፣ ማቆሚያ ሲፈልግ ዕረፍቱ ያልቃል። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው። ለአጭር ዕረፍት አንድ ማደሪያና ሁለት ሸለቆ ይበቃል። የምመርጠውም ከዮርክሻየር ዴልስ ዌንዝሊዴልንና ስዌልዴልን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ተራራ ብቻ ነው፤ እሱን መሻገሩ ደግሞ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው።

እዚያ መንገድ የሚለካው በማይል ሳይሆን በሰዓት ነው። በሞተርዌይ 60 ማይል አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዴልስ ውስጥ ግን በሰዓት 25 ማይል ከተጓዝን ጥሩ ሄደናል። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት በእነዚህ መንገዶች 60 ማይል ይፈቀዳል ማለት ነው፤ ነገር ግን ያ ጣሪያ ነው እንጂ በዚያ ፍጥነት ንዱ ማለት አይደለም። ከካብ እስከ ካብ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ፣ ከጉብታው ወዲያ ምን እንዳለ በማይታይበት መንገድ ላይ 20ም ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ሳቅድ ለአንድ ቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ መሪ መያዝ አልመድብም። ማቆም፣ በእግር መሄድና መብላት ሲጨመርበት ቀኑ ይሞላል።

ጊዜውን በተመለከተ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ (በፈረንጅ ጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጀመሪያ) የሚተካከለው የለም። በስዌልዴል ያለው የሚውከር መንደር የሣር ማሳዎች በአበባ የሚሸፈኑት ያኔ ነው። ገበሬዎቹ ሣሩን ለከብት መኖ የሚያጭዱት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ዘግይቶ የሄደ ሰው የታጨደ ሜዳ ያገኛል። እንዲህ ያለ የአበባ ሜዳ በእንግሊዝ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ እዚህ የቀረው ጥቂቱ ነው። ማሳውን አቋርጦ የሚሄድ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ መንገድ አለ፤ በሰልፍ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆኖ መሄድ ግድ ነው፤ የተረገጠ ሣር ለአጨዳ አይሆንምና። ብርሃኑም ያኔ ረጅም ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 21፡45 ገደማ ነው (ሰዓቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው)። በታኅሣሥ ግን 16፡00 ሳይሞላ ይጨልማል።

ቀኑን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባደርገው እመርጣለሁ። የገጠር ቤት አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያከራዩት ከዓርብ እስከ ሰኞ ሦስት ሌሊት ወይም ከሰኞ እስከ ዓርብ አራት ሌሊት አድርገው ነው፤ የሳምንቱ መሐል ይረክሳል፣ መንገዱም ይቀላል። በዌንዝሊዴል ያለችው የሆዝ ከተማ የገበያ ቀንም ማክሰኞ ነው። በፈረንጅ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ማለቂያ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይወደዳል፣ ማቆሚያውም ቀድሞ ይሞላል። የኦገስትን የመጨረሻ ሰኞ፣ የባንክ በዓሉን፣ ጨርሶ እሸሸዋለሁ።

ማደሪያው ሆዝ ወይም ዙሪያው ቢሆን ሁለቱም ሸለቆ ይቀርባል። ከሊድስ በስኪፕተን፣ በሴትልና በሪብልሄድ በኩል 60 ማይል አለፍ ይላል፤ ሁለት ሰዓት መመደብ ነው። ከኒውካስል ለሚመጣ በኤ1(ኤም) ሞተርዌይ ወርዶ በሌይበርን በኩል የኤ684ን መንገድ ይዞ መግባት ይሻላል። ከለንደን ከሆነ ወደ 250 ማይል ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ቀን ነው፤ ያን ዕለት ሌላ ነገር አታቅዱ። ቤቱን ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን ሁለት ነገር ጠይቁት። መኪናው የሚቆመው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ላይ? ፖስት ኮዱ በቀጥታ በሩ ላይ ያደርሳል? ገጠር ውስጥ አንድ ፖስት ኮድ ለተራራቁ በርካታ እርሻዎች ሊያገለግል ስለሚችል ማታ የሰው በረት ደጃፍ ላይ መድረስ አለ።

የመንጃ ፈቃድ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። ለጉብኝት ከኢትዮጵያ የመጣ ዘመድ በሙሉ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱ እስከ 12 ወር መንዳት ይችላል። ነዋሪ ለሆነ ሰው ግን 12ቱ ወር የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ነው፤ የኢትዮጵያ ፈቃድ በቀጥታ ከሚለወጡት ውስጥ ስለሌለ ከዚያ በኋላ ፈተና መውሰድ ግድ ይላል። በሕግ መንዳት መቻል አንድ ነገር ነው፣ አከራዩ መኪና መስጠቱ ሌላ ነው። ዕድሜ፣ ፈቃዱ የቆየበት ዘመን፣ በነጂው ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ፣ እነዚህን እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ደንብ ያያል፤ ቀድሞ በጽሑፍ ማስመለስ ይሻላል። የእንግሊዝ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ከመንግሥት ድረ ገጽ የሚወሰደውን የማረጋገጫ ኮድ ሊጠየቅ ይችላል፤ ኮዱ የሚሠራው 21 ቀን ብቻ ስለሆነ በጣም ቀድማችሁ አታውጡት። የራሳችሁን መኪና ለዘመድ ልታስነዱ ከሆነ ስሙ በኢንሹራንሱ ላይ መግባት አለበት፤ ለጥቂት ቀን የሚገዛ ኢንሹራንስም አለ። ለልጆች፣ 12 ዓመት እስኪሞላቸው ወይም ቁመታቸው 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ፣ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው።

መኪናው ትንሽ ይሁን። «በዚሁ ዋጋ ትልቅ እንስጣችሁ» ሲሉ አመስግኖ እምቢ ማለት ይገባል፤ እነዚያ መንገዶች ላይ ስፋት ዕዳ ነው። በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው አውቶማቲክ ይጠይቅ፤ ማርሹ በግራ እጅ ስለሆነ አንድ የሚያሳስበው ነገር ይቀንስለታል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የመኪናው ግራ ጎን ነው። አገር ቤት ነጂው በግራ ስለሚቀመጥ አካሉን ወደ መንገዱ መሐል ማስጠጋት ለምዷል። እዚህ በቀኝ ተቀምጦ ያንኑ ሲያደርግ መኪናው ሳያውቀው ወደ ግራ ይሳባል፣ የግራ ስፖኪዮና የግራ ጎማዎች ካቡን ይፈልጋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከነጂው ጎን የተቀመጠው ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ሥራው ግራውን ማየትና መናገር ብቻ ይሁን። በሣሩ ሥር የተደበቀ የድንጋይ ጠርዝ የጎማውን ጎን ይቆርጣል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ የሚሰጡት የሚነፋ ማሸጊያ ነው፣ እሱ ደግሞ የተቆረጠ የጎማ ጎን አይደፍንም። ስትረከቡ የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ እዩ። ኢንሹራንሱ ጎማና መስታወትን ይሸፍን እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

አሁን ወደ ዋናው ዙር ልምጣ። ከሆዝ ተነስቶ በተርተብስ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ወጥቶ ወደ ትዌይት መውረድ። ከፍታው 526 ሜትር ነው። በፈረንጅ 2014 የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የመጀመሪያ ቀን ያለፈው በዚህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብስክሌተኞች አይጠፉበትም። ሕጉ ብስክሌተኛን ስንቀድም እስከ 30 ማይል ፍጥነት ድረስ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንድንርቅ ይመክራል። ይህን ያህል ቦታ በሌለበት ዳገት ላይ መታገሥ ነው እንጂ ጥሩምባ መንፋት አይደለም። ከጫፉ አለፍ ሲል ማለፊያው ስሙን የወሰደባቸው፣ ዝናብ የኖራ ድንጋዩን የቦረቦራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በመንገዱ ዳር አሉ። ልጅ እጁን ተይዞ ብቻ ይየው።

ቁልቁለቱ ላይ ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዙን ይቀንሳል። ከመውረዳችሁ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ በጣም ቀጥ ካለ አንደኛ። አውቶማቲክ ላይ ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወይም ወደ እጅ ምርጫው አውርዱ፤ ብዙ ሃይብሪዶች ላይ ለዚሁ የተሠራ «ቢ» የሚል ቦታ አለ። ሞተሩ ይዞ ያውርዳችሁ፣ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ብቻ ይነካ።

አንድ መኪና በሚያሳልፍ መንገድ ላይ ደግሞ ማለፊያ ቦታዎች በየርቀቱ ተከፍተዋል። ቦታው በግራችሁ ከሆነ ግቡበት። በቀኛችሁ ከሆነ አትሻገሩ፤ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ የሚመጣው ይግባበት። ዳገት ለሚወጣ ቅድሚያ ስጡ። ሁለታችሁም መሐል ላይ ከተገናኛችሁ ቦታው የሚቀርበው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ካብ ተጠግቶ ወደ ኋላ መንዳትን ከመሄዳችሁ በፊት ባዶ ቦታ ላይ ተለማመዱት። ላሳለፋችሁ ሰው እጅ ማንሳት የአገሩ ደንብ ነው። ማለፊያ ቦታ ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሳት ግን ነውር ነው፤ የወተት መኪናና ትራክተር ያግዳል።

ከትዌይት በቀኝ ሚውከር ቅርብ ነው። ድልድዩ አጠገብ አቁሞ ማሳውን በእግር ማየት፣ ተመልሶ ወደ ኬልድ፣ ከዚያ ወደ ታን ሂል መውጣት። ታን ሂል ላይ ያለው ፐብ 528 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በብሪታንያ ከፍተኛው ነው። በኅዳር 2021 በማዕበል ምክንያት በረዶ መንገዱን ዘግቶ 61 ሰው ሦስት ሌሊት እዚያ አድሯል። በበጋም ቢሆን ጃኬት መኪና ውስጥ ይኑር። ከዚያ በአርከንጋርዝዴል ወርዶ ሪዝ፣ ቀጥሎ በግሪንተን በኩል ተራራውን መልሶ ተሻግሮ ካስል ቦልተን። የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ከ1568 እስከ 1569 በእስር የቆየችበት ቤተ መንግሥት ነው። በመጨረሻ የኤይዝጋርዝ ፏፏቴዎች፣ ከዚያ ሆዝ። ጠቅላላው 50 ማይል ቢሆን ነው፤ ሳይቆሙ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ እየቆሙ ሙሉ ቀን።

በጎቹ አጥር የላቸውም። መንገዱ ላይ የተዘረጋ የብረት ፍርግርግ ስታዩ ቀጥ ብላችሁ በዝግታ እለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ከብቱ ልቅ ነው ማለት ነው። እናቲቱ በአንድ ወገን፣ ግልገሉ በሌላው ወገን ከቆሙ ፈጽሞ አቁሙ፤ መኪና ሲደርስ ግልገሉ ወደ እናቱ መሮጡ አይቀርም። በግ ከተገጨ መቆምና ለባለቤቱ አድራሻ መስጠት፣ ካልተገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ በሕግ ግዴታ ነው።

ስልክ በሸለቆው ውስጥ ይጠፋል። ካርታውን ቤት ውስጥ አውርዱ፤ ከዚያም በላይ የኦርድናንስ ሰርቬይ ላንድሬንጀር ቁጥር 98 የወረቀት ካርታ ዌንዝሊዴልን ይሸፍናል። ነዳጅ ሸለቆው ከመግባታችሁ በፊት ሌይበርን ወይም ሴትል ላይ ይሞላ። የቤንዚን እጀታ አረንጓዴ፣ የናፍጣ ጥቁር ነው።

የምግቡን ነገር ለጿሚ ልብ ብዬ ልጻፍ። አበባው የሚደምቅበት ወቅት ከሰኔ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ሐምሌ 5 ነው የሚፈታው። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ፐብ ውስጥ «ቬጀቴሪያን» ማለት ወተት፣ ቅቤና አይብ የለውም ማለት አይደለም፤ «ቪጋን» ብላችሁ ጠይቁ። ቺፕስ ንጹሕ የጾም ይመስላል፣ ነገር ግን ዮርክሻየር ውስጥ በበሬ ሞራ መጥበስ የቆየ ልማድ ስለሆነ በምን እንደተጠበሰ ሳትጠይቁ አትብሉ፤ ይህ ሥጋን በሃይማኖቱ ደንብ ለሚመርጥ ሙስሊምም ይጠቅማል። የገጠር ፐብ ወጥ ቤት ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ 14፡00 ላይ ይዘጋና ማታ እስከ 20፡30 ገደማ ብቻ ያበስላል። ሽሮ፣ በርበሬና ምስር ይዞ ቤት ውስጥ መሥራት የሚያስመርጠው ለዚህ ነው። እንጀራም ከሊድስ ወይም ከማንችስተር የሐበሻ ሱቅ ቀድሞ ይገዛ፤ እዚያ አይገኝም።

አንዱን ቀን ነጂው ይረፍ። ከሆዝ በኤ684 ወደ ምዕራብ ጥቂት ማይል ሄዶ ጋርስዴል ጣቢያ መኪናውን አቁሞ በሴትል–ካርላይል ባቡር አፕልቢ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ አትሳፈሩ። ባለ 24 ቅስቱን የሪብልሄድ ድልድይ ማየት የሚፈልግ በቢ6255 በመኪና ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከላዩ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ድልድዩ አይታይም።

ጭጋግ ከወረደ በተርተብስን ትቶ ሸለቆውን ተከትሎ በኤ684 መሄድ ነው፤ ኤይዝጋርዝ በዝናብ ጊዜ እንዲያውም ያምራል። ዓርብ ቤቱ ብዙውን ጊዜ በ10፡00 ይለቀቃል። ኤ1(ኤም) ዓርብ ከሰዓት ስለሚጨናነቅ ከ12፡00 በፊት ሌይበርንን አልፋችሁ ብትገኙ ጥሩ ነው። መኪናው የተከራየ ከሆነ ከመመለሱ በፊት ጭቃውን አጥባችሁ አራቱንም ቸርኬ፣ በተለይ የግራዎቹን፣ በብርሃን ፎቶ አንሱ፤ የተረከባችሁ ቀን ካነሳችሁት ጋር አስተያዩና ሠራተኛው ባለበት ፈርሙ።