ፌስታሉን ገልብጡት

ከድንገተኛ ክፍል የወጣ ሕመምተኛ የታዘዘለትን ሁሉ ከአንድ መስኮት አያገኝም። ሁለቱን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ፣ አንዱን ከከነማ ፋርማሲ፣ የቀረውን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ይገዛል። ቤት ደግሞ የቆየ የግፊትና የስኳር መድኃኒት አለ። እያንዳንዱ ፋርማሲስት የሸጠውን አስረድቶ ይሆናል፤ ሙሉውን ያየ ግን የለም። ስለዚህ የጤና ባለሙያው አስታማሚውን «ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ» ማለት፣ ሲመጣም ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልገዋል።

ላሲክስና ፉሮሴማይድ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ስማቸው ቢለያይም አንድ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ናቸው፤ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው የሰውነቱ ውኃና ጨው ተሟጦ፣ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ለወገብ ሕመም የተገዛ ዲክሎፌናክም አይጠፋም። ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪልና ከላሲክስ ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እሱን አስቀርቶ ፓራሲታሞል መስጠት ይሻላል፤ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ።

ሌላው ሰዓት ነው። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን «በ8 ሰዓት» ብሎ የሚረዳ አለ፤ አሞክሳሲሊኑን ምሳ ላይ አንዴ ብቻ ይውጥና ኢንፌክሽኑ ይመለሳል። ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» ብሎ በእስክሪብቶ መጻፍ ነው። ጾምም በግልጽ ይጠየቅ። የስኳር መድኃኒቱን ግሊቤንክላሚድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ደግሞ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «እስቲ እናቴ፣ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ሲባል ግን ያልገባው ነገር ወዲያው ይታያል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የአስም ሕመምተኛ ነው። እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም ለ5 ቀን ከታዘዘ፣ ባለ 5 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከምግብ በኋላ ይወሰዳል ማለት ነው። ብዛቱ አስፈርቶት አንድ ፍሬ ብቻ የሚውጥ አለ። ትንፋሽ ሲቀለው በሁለተኛው ቀን የሚያቋርጥም አለ፤ የመተንፈሻ ቧንቧው እብጠት ግን ገና አልጠፋም። የስኳር ሕመም ካለበት ስኳሩ ስለሚጨምር እነዚያን ቀናት ቶሎ ቶሎ ይለካ።

ሳልቡታሞል ፓፍ፣ ማለትም የመተንፈሻ ቧንቧን የሚከፍተው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ አጠቃቀሙ በቃል ብቻ አይገባም፤ በእጅ ማሳየት ይፈልጋል። አፍ ውስጥ በቀጥታ ሲረጭ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይለቀለቅ ይድረቅ፤ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ እንዳይጣበቅ ነው። ከዚያ ቂጡ በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፤ ዙሪያው አየር ማስገባት የለበትም። ፓፉን ነቅንቆ ቀዳዳው ውስጥ መሰካት፣ የጠርሙሱን አፍ በከንፈር ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ አንዴ መርጨት፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በዝግታ መተንፈስ። ሁለተኛው እርጭት እንደገና ተነቅንቆ ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

ካርቶኑ ላይ ይህም ይጻፍ፦ ፓፉን ከወሰዱ በኋላ 4 ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካልተቻለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል።