ያችን ቲዩብ ስንት ጊዜ እንዳቀለጥኳት ስቆጥር

የመጀመሪያውን ፖሊክሎናል አንቲቦዲዬን፣ ማለት የምፈልገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝልኝን፣ የገደልኩት እኔው ነኝ። ከጥንቸል የተሰራ፣ 100 ማይክሮሊትር፣ በአንድ ቲዩብ የመጣ። ዌስተርን ብሎት (የሳምፕልን ፕሮቲን ሜምብሬን በሚባል ስስ ወረቀት መሰል ነገር ላይ አሳርፎ በአንቲቦዲ መፈለጊያ ዘዴ) በምሰራበት ቀን ከፍሪዘር አወጣና በእጄ ጨብጬ አቀልጠዋለሁ፣ 2 ማይክሮሊትር ወስጄ መልሼ -20 ላይ እከተዋለሁ፣ በቃ። መጀመሪያ 1:1000 (አንድ እጅ አንቲቦዲ በሺህ እጅ) ላይ ባንዱ፣ የፕሮቲኑ መስመር ማለት ነው፣ ጥቁር ብሎ ቁጭ ይል ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ ግን በዛው ሳምፕል ባንዱ እየሳሳ እየሳሳ ሄደና ጭራሽ ሜምብሬኑ ዝንብ ያረፈበት ይመስል ነጠብጣብ ብቻ ሆነ።

ጥፋቱን ያልፈለግኩበት ቦታ የለም፣ ትራንስፈሩ (ፕሮቲኑን ወደ ሜምብሬኑ ማሻገሩ) ነው አልኩ፣ ሳምፕሉ ነው አልኩ፣ ሴኮንደሪውን (የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዘውን ሁለተኛ አንቲቦዲ) ቀየርኩ፣ ሶስት ሳምንት እንዲሁ አለቀ። መጨረሻ ላይ ደብተሬን ገልጬ ስቆጥር ያችን ቲዩብ 14 ጊዜ አቅልጬ 14 ጊዜ አቀዝቅዣታለሁ! አንቲቦዲ ራሱ ፕሮቲን ነው እኮ፣ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ቅርጹ እየተበላሸ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የተጣበቀው ደግሞ ሜምብሬኑ ላይ ያርፍና ነጥብ ይሆናል። ፕሮቲን የሚያጠና ሰው ይሄን መርሳቱ ያሳፍራል።

አሁን እንደመጣ መጀመሪያ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አንዴ አዞረዋለሁ፣ ክዳኑ ላይ የተንጠለጠለው ጠብታ ብዙ ብር ነውና። ከዛ 10፣ 15 ማይክሮሊትር እያደረግኩ እከፋፍለዋለሁ፣ ከ10 በታች ግን አልወርድም ምክንያቱም ትንሽ ሲሆን ግድግዳው ላይ የሚቀረው ድርሻ ይበዛል። አንዷን ካቀለጥኩ 4 ዲግሪ ላይ አቆይቼ በሳምንት በሁለት ሳምንት እጨርሳታለሁ እንጂ አልመልሳትም። በረዶ ራሱ የሚያራግፍ ፍሪዘር ውስጥም አላስቀምጥም፣ በረዶውን ለማቅለጥ በየጊዜው ይሞቃል፣ ማለት እናንተ ሳትነኩት እሱ እያቀለጠላችሁ ነው። 50 ፐርሰንት ግሊሰሮል ያለው -20 ላይ ስለማይረጋ እሱ ይመቻል፣ ብቻ እንዳትሳሳቱ -80 ከከተታችሁት ይረጋል።

አንዴ ደግሞ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ባክቴሪያ እንዳይገባበት ብዬ ኤችአርፒ (ባንዱ ፊልም ላይ እንዲታይ የሚያደርግ ኤንዛይም) የታሰረበት ሴኮንደሪ ላይ ሶዲየም አዛይድ ጨመርኩበት፣ አዛይድ ኤንዛይሙን ያፍነዋል፣ ፊልሙ ነጭ ሆኖ ወጣ። ፕራይመሪ (የመጀመሪያው አንቲቦዲ) ላይ ምንም አይደለም፣ ታጥቦ ይሄዳል።

ሌላው ሎት የሚባል ነገር ነው፣ በአንድ ዙር የተመረተ ማለት ነው። አዲስ ስገዛ የካታሎግ ቁጥሩ ያው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ 1:1000 በጠበጥኩ፣ ሜምብሬኑ በሙሉ ጠቆረ፣ 40 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ደግሞ በፊት የማላውቃት ባንድ ብቅ አለች። ፖሊክሎናል ማለት አንቲቦዲ ከሚሰሩ ከብዙ ቢ ሴሎች የመጣ ቅልቅል ነው፣ ሌላ ጥንቸል ሌላ ቅልቅል ይሰጣል፣ ከአንድ ሴል ዘር ብቻ እንደሚመጣው ሞኖክሎናል ሁሌ አንድ አይነት አይጠበቅም። ስለዚህ ከአሮጌው ሎት አንድ ቲዩብ ሁሌ አስቀራለሁ፣ አዲሱ ሲመጣ ጎን ለጎን በአንድ ሳምፕል 1:500፣ 1:1000፣ 1:2000፣ 1:4000 አያቸዋለሁ። የኔው አዲስ ሎት 1:4000 ላይ ነው ያማረው። ያቺ ባንድ ግን እዛም አልጠፋችም፣ ጂኑ የጠፋበት ሴል ላይም ስላለች የኔ ፕሮቲን አይደለችም፣ ፊገሩ (የውጤቱ ምስል) ላይ ሳልቆርጣት ከነሙሉ ሜምብሬኑ አስገብቻታለሁ።