ጥምጥማቸውን ፈተው መንገድ የዘጉብን ሰዎች

እግዚአብሔር ይመስገን። የደብረ ወርቅ ማርያም ትመስገን። ከሱዳን በሰላም ከተመለስሁ ጀምሮ ይህን ምስክርነት በማኅበርም በሰንበቴም ተናግሬዋለሁ። ሁልጊዜ ግን እኩል ላይ ስደርስ ሰው ያለቅስና እልል ይባላል፤ እኔም ቀሪውን ሳልናገር እቀመጣለሁ። ቀሪው ደግሞ ዋናው ነው። ስለዚህ ጻፍሁት።

ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ አጠገብ ነው። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ የቆሎ ተማሪዎች ደጃችን ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ መጀመሪያ ውሻው ይወጣል፣ ከውሻው ቀጥላ እናቴ ትወጣለች። ሞሰቡ ባዶ በሆነበት ቀን እንኳ አንድ እፍኝ ቆሎ ሳትሰጥ አትመልሳቸውም። ሲመሽ ደግሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል ድምፅ ከተሰማ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ትላለች። እንግዳው አገሩ የሚጠየቀው እግሩን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ፣ መደቡ ላይ አጎዛ ከተነጠፈለት በኋላ ነው። እንቅልፍ ቀድሞት ሳይጠየቅ የሚያድርም ነበር። እኛ ልጆቹ አንወደውም ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጡ የሚቀጥነው ለእኛ ነው።

ወደ ሱዳን የወጣሁት በመተማ በኩል ነው። እንዴት እንደ ወጣሁ አልዘረዝርም፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ያውቀዋል። ካርቱም ውስጥ ዴም የሚባለው ሰፈር ሐበሻ የበዛበት ነው፤ እኔም እዚያ መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥዬ ሻይና ቡና እሸጥ ነበር። በየቤቱ ደጃፍና በየዛፉ ጥላ ሥር ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ እንስራ ቆሞ ይታያል፤ ክዳን አለው፣ ከክዳኑ ላይ ጣሳ አለ። ባለቤቱ ይሞላዋል፣ የተጠማ መንገደኛ ቀድቶ ይጠጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከከተማዋ መካከል የሚያልፈው ወንዝ ደግሞ ዓባይ ነው፤ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጎጃምን ዞሮ የወጣው። ይህን ስነግራቸው ደንበኞቼ ይስቁና «ውሃው ከአገርሽ በነጻ ከመጣ ሻዩንም በነጻ ስጪና» ይሉኝ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ቀን ነው። ጦርነቱ የተነሣው በዋዜማው፣ በቀዳም ስዑር ጠዋት ነበር። ለዶሮና ለቅቤ ገንዘብ አዋጥተን ወደ ገበያ ልንወጣ ስንል ተኩሱ ጀመረ። የአገሩ ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል ከተማው መካከል ገጠሙ፤ ከላይ አውሮፕላን፣ ከታች መድፍ። መብራት ጠፋ፣ ውሃ ተቋረጠ። በአንዲት ክፍል ውስጥ የነበርን ሴቶች ከመስኮቱ ርቀን ወለሉ ላይ ተኛን። ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቃለሁ፤ ደጋግሜ አደረስሁት። ኋላ ግን ቤቱ ሲናወጥ ቃሉ ሁሉ ጠፋብኝና ጸሎቴ «እመቤቴ፣ አጥንቴን በሰው አገር አትተዪው» የሚል ብቻ ሆነ።

አከራያችን ባልቴት ነበሩ፤ ሁላችንም ሃቦባ እንላቸዋለን፣ እዚያ አያት የሚጠራው እንዲህ ነው። በፋሲካው ሳምንት በአገራችን ድንበር በኩል ወዳለችው ከተማ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ እንዳለ ተሰማ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። ሃቦባ ቶባቸውን፣ የሱዳን ሴት የምትጠቀለልበትን ረጅም ልብስ፣ ሰብሰብ አድርገው ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ያዙ። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ ስላላቸው በቀሩት ጥርሶቻቸው ፈቱት፤ በውስጡ የነበረውን ብር ሳይቆጥሩ መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ። «መቼ እመልስልዎታለሁ?» ብላቸው «ለማን?» አሉኝ። እሳቸው ከቤታቸው አልወጡም።

ከካርቱም እስክንወጣ ድረስ ኬላ በኬላ ነበር። በአንዱ ላይ ገና ጢም ያላወጡ ታጣቂዎች አስወርደውን ስልካችንን ቀሙን፣ ሻንጣችንን በረበሩት። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ጀዚራ የሚባለው ሜዳማ አገር ገባን። ግራና ቀኝ በመስኖ የሚለማ ማሳ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አንገቴን አስግጌ ባይ ሰዎች መንገዱን ዘግተዋል፤ ነጭ ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አንዱ ከዚህ ዳር አንዱ ከዚያ ዳር ይዘው ወጥረውታል። ከኋላቸው ሌሎች እየሮጡ ይመጣሉ። አጠገቤ የነበረች የባሕር ዳር ልጅ «አለቀልን» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ማተቤን ጨብጬ ዐይኔን ጨፈንሁ።

በሩ ተከፈተ። አንድ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ አንገታቸውን አስገብተው በቁጣ ይናገራሉ። ዐረብኛውን እሰማለሁ፤ ግን ከድንጋጤ ብዛት ቃሉ አልገባኝም። ሾፌሩ ጊዜ የለንም ይላቸዋል፣ እሳቸው በአላህ ይምላሉ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ማፍጠሪያው ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ሽማግሌውም «ሳትበሉ ከዚህ አታልፉም» እያሉ ነው የሚቆጡት። ወሩ ረመዳን ነበር፣ ሊፈታ ጥቂት ነው የቀረው። የጀዚራ ገበሬ በረመዳን ማዕዱን ከቤቱ አውጥቶ አስፋልቱ ዳር ያነጥፋል፣ መንገደኛውንም በግድ አስወርዶ ያስፈጥራል። ጦርነት መጣ ብለው አልተዉትም። እንዲያውም የሚያልፈው ሰው የተራበ ስደተኛ መሆኑን ስላወቁ ምንጣፉን አስረዝመውታል።

ወረድን። ቴምር ሰጡን፣ ሂሎ ሙር የሚሉትን ጠይም መጠጥ ቀዱልን። ትሪው ላይ የገንፎ ዘመድ የሆነው አሲዳ ነበር፣ ከላዩ የሥጋ ወጥ ፈስሶበታል። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥሁ። እኛ የእስላም ሥጋ እንደማንበላ የጎጃም ሰው ያውቀዋል፤ እነዚህ ግን ከየት ያውቁታል? ሽማግሌው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩት። ምንም አላሉም። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ በእጃቸው ምልክት ሲሰጡ አንድ ልጅ እየሮጠ ሄዶ ሌላ ሳህን ይዞ መጣ፤ አሲዳ በእርጎ። ለእኔና ለባሕር ዳሯ ልጅ ለብቻችን አስቀምጠው «ይህን ብሉ፣ ሥጋ አልነካውም» አሉን። ከቀዳም ስዑር ወዲህ ደረቅ ዳቦ እንኳ በቅጡ አልቀመስንም ነበር። የ2015ን ፋሲካ የፈሰክሁት በዚያ እርጎ ነው፤ ከመንገድ ዳር፣ ከሰጋጆች አጠገብ። ልንሳፈር ስንል ጀሪካን ሙሉ ውሃ አውቶቡሱ ውስጥ አስገቡልን። የአንዳችንንም ስም አልጠየቁም።

ገዳሪፍ፣ ጋላባት፣ መተማ፤ ከዚያ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሞጣ እያልሁ ቤቴ ገባሁ። የዚያ መንገድ ድካም እንደማንኛውም ድካም ነው፣ አልፈዋለሁ።

ብዙ ጊዜ ሰው እልል ብሎ የሚያስቆመኝ እርጎው ላይ ስደርስ ነው። «መልአክ ነው የተላከልሽ» ይሉኛል። አንድ የማከብራቸው አባትም እንዲሁ አሉኝ። ዕብራውያን ላይ «በዚህ አንዳንዶች ሳያውቁ መላእክትን እንግድነት ተቀብለዋልና» የሚለውን እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ቃል መልአክ የሚሆነው እንግዳው ነው እንጂ ተቀባዩ አይደለም፤ የዚያን ዕለት እንግዳዋ ደግሞ እኔ ነበርሁ፣ መልአክ እንዳልሆንሁ እናቴ ትመስክር። ሽማግሌው ሰው ናቸው። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፣ ጀለቢያቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ ያበሉን ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው ነው። መልአክ ነበር ካልሁ ዋጋ የከፈለ ሰው የለም ማለቴ ነው፤ ያን ደግሞ በሐሰት መመስከር ይሆንብኛል። እመቤቴ ለጸሎቴ መልስ የሰጠችኝ እንደ እኛ በማያምኑባት (ግን መርየም ብለው በሚያከብሯት) ሰዎች እጅ ነው። ይህ የሚከብደው ሰው ካለ ይክበደው።

እናቴ ደግሞ የራሷ ሐሳብ አላት። ስልኬ በጠፋበት ሰሞን ለደብረ ወርቅ ማርያም ጃንጥላ ተስላ ነበር፤ አስገብታለች። ግን እንግዳ መቀበሏ ነው ያተረፈኝ ብላ ታምናለች። «እኔ ደጄን የዘጋሁ ዕለት አንቺም ባለሽበት ደጅ ይዘጋብሻል እያልሁ ነው ስንቱን ያሳደርሁት» ትላለች። ደስ ይላታልና አልከራከራትም። እኔ ግን እግዚአብሔር እንጀራ የሚቆጥር አይመስለኝም። ከእናቴ የበለጠ የሰጡ እናቶች ልጆች እዚያው ካርቱም ቀርተዋል፤ ከዚያች ክፍል ውስጥ ከነበርነው መካከል እስካሁን ድምፅዋ ያልተሰማ አለች። የእሷ እናት ምን አጎደለች? ለዚህ መልስ የለኝም። የተደረገልኝን ብቻ ነው የምናገረው።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የጀዚራ ዋና ከተማ ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች፤ ጦሩ መልሶ የያዛት በ2017 ጥር ነው። በዚያ መካከል ብዙ መንደር ተዘረፈ፣ ሰው ተገደለ፣ አገሩን ጥሎ ወጣ። እነዚያን ሽማግሌ ስማቸውን አላውቅም፤ የመንደራቸውንም ስም አልጠየቅሁም። እናቴ ጸሎት ስታደርስ «ያ እርጎ የሰጣትን ሰው» እያለች ታነሣቸዋለች።

አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በሰፈራችን ከጦርነቱ የሸሸች አንዲት ሱዳናዊት ከልጆቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ዐረብኛዬ ለጤና ጣቢያና ለገበያ ይበቃል፤ አብሬያት እሄዳለሁ። እንጀራው ጎምዛዛ ሆኖባት ልጆቿ አልበላ ብለዋት ነበር፤ ኪስራ የሚሉትን የአገሯን ስስ እንጀራ የምትጋግርበት የማሽላ ዱቄት ስትፈልግ ገበያ የቀረበው አልተስማማትም። ይህን ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ከዓባይ በረሃ ዘመዶቿ ማሽላ አስመጥታ፣ አስፈጭታ፣ በሞጣ መኪና ላከች። ዱቄቱ ያለቀ ዕለት እንድደውልላትም አዝዛኛለች።