«ሚኒሶታ ሞቋል አሉ»

የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት እኔ ወዳለሁበት ወደ ሚኒሶታ ሊመጣ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም «ሚኒሶታ እኮ ሞቋል አሉ፤ ብርዱ ቀረ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ የቆየ ዜና አግኝቶ መሆን አለበት።

ዜናው ውሸት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከዲሴምበር 2023 እስከ ፌብሩዋሪ 2024 የነበረው ዊንተር በእኛዎቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮ በተያዘው መዝገብ ሞቃታማው ነው። በፈረንጆች ገና በረዶ ሲጠበቅ ዝናብ ዘነበ። ምክንያቱ ዓለም መሞቋም ነው፣ ኤልኒኞም ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ከወትሮው ሞቆ የዓለምን አየር ሲያዛባ ኤልኒኞ ይሉታል። ያው ኤልኒኞ እኛ አገር ሲመጣ ሥራው ሌላ ነው፤ በዚያው ሰሞን ሶማሌ ክልልን በጎርፍ ካጥለቀለቁት ነገሮች አንዱ እሱ ነበር።

ታዲያ ያን ጊዜ ሥራ ቦታ፣ ምሳ ላይ፣ «ተመስገን ነው፣ ዘንድሮስ ብርድ የለም» አልኩ። ሁሉም ዝም አሉ። አንዷ ሹካዋን አስቀምጣ «ሐይቁ እኮ አልያዘም» አለችኝ። ለካ እነሱ ሐይቁ ሲጋገር በላዩ ላይ ትንሽ ቤት ተክለው፣ በረዶውን ቀድደው፣ ቢራ እየጠጡ ዓሣ ያጠምዳሉ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ትምህርት ጀመሩልኝ። እኛ ዘር እስከ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው እነሱ ብርድ ይቆጥራሉ። በ1991 ሃሎዊን ላይ፣ ገና በኦክቶበር መጨረሻ፣ የወረደው 72 ሴንቲሜትር በረዶ። በጃንዋሪ 1888 ሚኒያፖሊስን የመታት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ። በ1996 ታወር በምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 51። ሲናገሩ ደረታቸው ነፍቶ ነበር። ስለ «ጥቅምት አንድ አጥንት» ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። አዲስ አበባ ሌሊት 7 ዲግሪ ሲሆን አጥንት እንደምንግጥ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?

ለአክስቴ ልጅ የምለው ይኸው ነው። የአየሩ አማካይ የሚባለው የ30 ዓመት ሒሳብ ነው። አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ሲሆን፣ አሥር ዓመት ሲሞላ ይታደሳል። በዚህ ሒሳብ የጃንዋሪ አማካይ ከዜሮ በታች 9 ገደማ ነው። ግን ማንም አማካይ ውስጥ አይኖርም። በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 እዚሁ ከዜሮ በታች 33 ደርሶ ፖስታ አዳዮች እንኳ ሥራ አቁመዋል። ያ ሞቃት ዊንተር ከመምጣቱ በፊት የነበረው ደግሞ 229 ሴንቲሜትር በረዶ አራግፎብናል፣ በብዛት በታሪካቸው ሦስተኛው። የወቅቱ ልማድ 130 ነው። በርግጥ ሌሊቱ እንደ ድሮው አይከፋም፤ መዝገቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥምቀት ላይ ነጠላዬን የነካው ጠበል መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ደርቆ፣ ነጠላው አልታጠፍ ብሎኛል።

ስለዚህ መግቢያህን መምረጥ ከቻልክ በሜይ ና። «ሞቋል» ላለህ ሰው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቀው። ከመርካቶ ወፍራም ጃኬት እንዳትገዛ፤ እዚያ ወፍራም የሚባለው እዚህ የመስከረም ልብስ ነው። ጃኬቱን እኔ እገዛልሃለሁ። ሻንጣህን በርበሬና ሽሮ ሙላበት። ጋቢ ግን አትርሳ፤ የኔን ባለቤቴ ወስዳዋለች።