42 ልጅ ይዤ መካኒሳ

ሃይገር ብለውን ቅጥቅጥ ላኩልን። ጉዞው እዚያው ላይ ተበላሸ ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ቀኑን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም። የምወስደው 42 ልጅ ነው፣ መምህራን ደግሞ ሦስት ነን። ወንበሩን ስቆጥር 29። ሹፌሩ "ልጆች አይደሉ እንዴ? ሦስት ሦስት አድርገሽ አስቀምጫቸው" አለኝ። አስቀመጥኳቸው። ምን ላድርግ? የፈቃድ ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ምሳው ተቋጥሯል፣ አንዳንዱ ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ "ነጋ ወይ?" እያለ ቤተሰቡን ሲያምስ አድሯል። 2 ሰዓት እንነሳለን ያልነው 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን።

የምንሄደው ዞማ ሙዚየም ነው። አምስተኛ ክፍሎችን የትም ብወስዳቸው ደስ ይላቸዋል፤ ዞማን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት በስልኬ ሙዚየሙን ከሠሩት አንዱ የሆነውን የሠዓሊውን የኤልያስ ስሜን ሥራዎች አሳይቻቸው ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ ከተማ ወይም እርሻ ይመስላል። ስልኩን ጠጋ ሲያደርጉት የተጠላለፈ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ፣ የተበታተነ ማሽን ሆድቃ ነው። ብዙውን ዕቃ የሚያገኘው ከመርካቶ፣ ከእነምናለሽ ተራ መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ተንጫጫ። ለካ ግማሾቹ ምናለሽ ተራን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔም አላርፍ ብዬ "ከቤታችሁ የሞተ ዕቃ አምጡ" አልኳቸው። ቻርጀር መጣ፣ የተሰበረ ሬዲዮ መጣ፣ አንዱ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዞ መጣ። ማታ አባቱ ደወሉ። ሪሞቱ አልሞተም ነበር፤ ለዚያውም የተፈለገው የኳስ ጨዋታ ሊጀምር 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ከኮተቤ መካኒሳ ያለውን መንገድ ልዝለለው፤ ሁለት ልጅ አስመለሳቸው፣ እኔ የያዝኩት ፌስታል ግን አንድ ነበር።

ገና ከበሩ እንደገባን ልጆቹ ዝም አሉ። እነዚህ ልጆች ዝም ሲሉ እኔ እደነግጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ተሰብሮ ነው። አሁን ግን ያዩት ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው። ጭቃና ጭድ። ላዩ ላይ መስመር በመስመር ተቀርጾበታል። መስመሩ ይጠቀለላል፣ ይፈታል፣ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ጥግ ዞሮ ይቀጥላል። አንዷ ጸጉረ ረጅም ልጅ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችና "ሚስ፣ ግድግዳው ሹሩባ ተሠርቷል" አለች።

አስጎብኚዋ ከት ብላ ሳቀች። "ታዲያ የቦታው ስምስ ዞማ አይደል?" አለቻት። ስሙ እንኳ ከጸጉር ጋር አይገናኝም፤ ዞማ ሽፈራው ለሚባሉ፣ በወጣትነታቸው ላረፉ ሠዓሊ መታሰቢያ ነው። ልጆቹ ግን ሹሩባውን ነው የያዙት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግድግዳ "ይሄ ቁጥርጥር ነው፣ ይሄ አልባሶ ነው" እየተባለ ስም ወጣለት። ወንዶቹ ሳይቀሩ።

ሙዚየሙ በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። የሠሩት ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ናቸው። እሱ ሠዓሊ ነው፤ እሷ ደግሞ ኤግዚቢሽን የምታሰናዳ አንትሮፖሎጂስት ናት። አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ በደንብ አስረዳች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን አልሰማሁም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር።

እኔ ያደግኩት ጭቃ ቤት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ። ክረምቱ ዝናቡን ጨርሶ ሊወጣ ሲል እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ ታደርግና ጭቃ ታቦካለች። እኛ ልጆቹ በእግራችን እንረግጣለን። ጭዱ ቁርጭምጭሚት ያሳክካል። ምርጊቱ ካበቃ በኋላ በእበት ይለሰናል፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ አዲስ ይሆናል። አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ "የእናንተ ቤት ብሎኬት ነው ጭቃ?" ብለው ጠየቁኝ። "ብሎኬት" አልኩ። ቶሎ ብዬ ነው ያልኩት፤ እስካሁን ፍጥነቴ ይገርመኛል።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ብሎኬት ነው፣ ተመስገን። ሰዓት ልሰቅል ሚስማር ስመታ ግን ግድግዳው ተዘርግፎ የጎረቤቴን ሳሎን ላይ ልደርስ ምንም አልቀረኝም።

አስጎብኚዋ አንድ ጊዜ "መንካት ይቻላል?" ተብላ ተጠየቀች። "በቀስታ" አለች። 42 እጅ ግድግዳው ላይ አረፈ። የእኔን ከጨመርን 43።

ከዚያ ወደ አትክልቱ፣ ወደ ላሞቹ። ላሞቹ ጋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየን። ስለ ላም የምጽፈው ነገር የለኝም፤ ላም ላም ነው። ልጆቹ ግን ሊለቁልኝ አልቻሉም። ወረቀትና እርሳስ አድለን "ደስ ያላችሁን ሣሉ" አልናቸው። ኋላ ስሰበስብ ከ41 ሥዕል 31ዱ ላም ነው። ያን ሁሉ ቅርጽ አይተው!

41 ማለቴን አስተውላችኋል? እኔም ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ቆጠርኩ፣ 41። አሰልፌ ቆጠርኩ፣ 41። ባልደረባዬ ቆጠረ፣ 43 አለ፤ ራሱንና አስጎብኚዋን ጨምሮ ነው። ጉልበቴ ከዳኝ። የጎደለውን ስለይ ደግሞ ያ ዝምተኛው ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ መኖሩን የማውቀው ስም ስጠራ ብቻ የሆነው። ማንበብ ይከብደዋል፤ ምንባብ ተራው ሲደርስ አንገቱን ይቀብራል፣ እኔም አንዳንዴ ሰዓት ይሄዳል ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

እየሮጥኩ ስዞር አንድ አትክልት የሚያጠጡ አባት አገኘሁ። የውኃውን ጎማ ሳይለቁ "ልጄ፣ ከዚያ ከጀርባ አንድ ልጅ ግድግዳ እያነበበ ነው። ያንቺ ነው?" አሉኝ።

የእኔ ነው። ጣቱን በአንዱ መስመር ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መስመሩ ሲጠቀለል አብሮ ይጠቀለላል። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ቀድሞኝ "ሚስ፣ ጫፉን እየፈለግኩ ነው" አለኝ። "ከዚያ ከበሩ ጀምሬ ነው የመጣሁት።"

"እንዳትጮኺበት" አሉኝ ሽማግሌው ከኋላዬ። "እኔ ስቆጣጠረው ነበር፣ የትም አልሄደም።" ለካ ውኃውን ይዘው የቆሙት አትክልቱ ጠምቶት ብቻ አይደለም። ለሻይ ብዬ ብር ላወጣ ስል "ተይ እንጂ!" ብለው በጣም ተቆጡኝ። ልጁን አልጮኽኩበትም። ጫፉን አገኘኸው ወይ ብዬም አልጠየቅኩትም፤ ሰው በር ላይ እየጠበቀን ነበር።

ምሳ ልጆቹ የቋጠሩትን በሉ። እኛ መምህራኑ ተራ በተራ ወጣ ብለን ከአንድ ካፌ ማኪያቶ ጠጣን። ሜኑው ላይ 80 ብር ይላል፣ ሒሳቡ 120 ሆኖ መጣ። አስተናጋጁን ስጠይቀው "ዋጋው ጨምሯል፣ ሜኑው ነው ያልጨመረው" አለኝ። አባባሉ አሳቀኝና ከፈልኩ። አሁን ስጽፈው ግን እንደገና ተናደድኩ።

ትልቁ ንዴት ግን ከሹፌሩ ጋር ነው። ስንወጣ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል። "ስምምነታችን እስከ 8 ነው፣ የመጠበቂያ 1,500 ብር" አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ያስጠበቀን እሱ ነው እኮ! ይህን ብነግረው "ያ መንገዱ ነው፣ ይሄ እናንተ ናችሁ" አለኝ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ አንዷ ሽንቷ መጥቷል። በ800 ተስማማን፤ ከሦስታችን ኪስ። ደረሰኝ ስለው አላፊ አግዳሚው እስኪዞር ድረስ ሳቀ።

በመመለሻው ማንም አላስመለሰውም፤ አብዛኞቹ ተኝተዋል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት እናት የልጃቸውን እጅጌ ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ። "ሚስ፣ ሙዚየም ነው የሄዳችሁት ወይስ ጭቃ ስታቦኩ ዋላችሁ?" ይቅርታ ጠየቅኩ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። የዋልኩበትን ነገርኳት። ፈረንጅ ሳይቀር ሊያየው እንደሚመጣ፣ ግድግዳው ጭቃ እንደሆነ፣ ሹሩባውን፣ ሁሉንም። ትንሽ ዝም አለች።

"ከፍላችሁ ነው የገባችሁት?"

"አዎ።"

"ጭቃ ለማየት?"

"አዎ፣ እማዬ።"

አልሳቀችም። "ስንት ቀን አቡክተው ነው የመረጉት?" አለችኝ።

አልጠየቅኩም አልኳት።

"ጭዱስ? የጤፍ ነው የገብስ?"