9 ጫማ፣ ቁጥር 5

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ። መስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ ማታ።

ዛሬ ከሞሪሰን ከተማ በላይ ቤር ክሪክ የሚባል ወንዝ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ዋልኩ። ብራውን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሦስት ያዝኩ፣ ሦስቱንም መልሼ ለቀቅኳቸው። ትልቁ ከስንዝር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የያዝኩት። ሆዱ ቅቤ የተቀባ ይመስል ቢጫ ነው። ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለው። እያንዳንዷ ቀይ ነጥብ ዙሪያዋን ነጣ ያለ ስስ ቀለበት አላት። መንጠቆውን ሳወጣለት ጸጥ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ እልም አለ።

አምና እዚሁ ቦታ ላይ አንድም ዓሣ ቀርቦኝ አያውቅም። ወንዙ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። የተለወጠው የማጥመጃ ዘንጉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዘንግ መጻፍ አማረኝ።

የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ የጠየቀኝ ስንት ብር ማውጣት እንደምችል ብቻ ነበር። የት እንደማጠምድ አልጠየቀኝም። እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ቁጥሩ 8 የሆነ ዘንግ ይዤ ወጣሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዕቃው የሚሻል መስሎኝ ነበር። ቁጥር 8 መጥፎ ዘንግ አይደለም፣ በቦታው ግሩም ነው። ግን ለሳልመን፣ ለፓይክ፣ ባሕር ዳር ከነፋስ ጋር እየታገለ ለሚያጠምድ ሰው የሚሆን ነው። እንዲህ ባለች ጠባብ ወንዝ ላይ ምን ይሠራል? ክሩ ውሃው ላይ ጧ ብሎ ሲያርፍ ዓሣው ሁሉ ድንጋይ ሥር ይገባል። ያንን ክረምት እንዲሁ ስደክም አለፈ።

ነገሩን ያስረዱኝ ጎባ ያደጉ አንድ ጋሼ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪናዬ ውስጥ ዘንጉን አይተው ቆሙ። በልጅነታቸው ባሌ ውስጥ ትራውት ሲያጠምዱ እንዳደጉ እዚያው ቆመው አጫወቱኝ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ጅራፍ አጩኸህ ታውቃለህ?»

«በቡሄ? እንዴታ!»

«ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስር ነበር?»

«ኧረ አላስርም።»

«ታዲያ ጫፉን እዚያ ድረስ ምን ወሰደው?»

የፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጥመድ ምስጢር እዚች ላይ ነው። በተለመደው ማጥመጃ ክሩን እየጎተተ የሚሄደው ጫፉ ላይ የታሰረው እርሳስ ነው። እዚህ ግን ጫፉ ላይ ያለው ከላባና ከክር የተሠራች ዝንብ ናት፣ ክብደት የላትም። ዝንቧን የሚያደርሳት ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ዘንጉ በክሩ ክብደት ይጎብጣል፣ ሲቃና ክሩን ወደ ፊት ይወረውረዋል። ከጅራፍ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ጅራፍ መጮህ አለበት። ይኼኛው ከጮኸ ግን ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ ሳያልቅ ቸኩለሃል ማለት ነው። ዝንቧም አብዛኛውን ጊዜ ተበጥሳ ቀርታለች።

እጅ የት መቆም እንዳለበትም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ፈረንጆቹ የግድግዳ ሰዓት እያሰብክ ዘንጉን ከ10 እስከ 1 ሰዓት መሃል አንቀሳቅስ ይላሉ። ጋሼ «ከአራት እስከ ሰባት» ብለው አስተማሩኝ። በፈረንጅ በተሞላ ሰዓት ላይ ቆጣሪው የሚቆምበት ቦታ ያው አንድ ነው፣ ለእኔ ግን በእኛ ሰዓት ሲሆን ወዲያው እጄ ላይ ገባ።

ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንግዲህ የዘንጉን ክብደት አይናገርም። የሚናገረው ዘንጉ የትኛውን ክር እንዲሸከም እንደተሠራ ነው። የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ይመዘናል። ቁጥር 3 ክር 6 ግራም ተኩል አካባቢ ነው። ቁጥር 5 ወደ 9 ግራም ይጠጋል። ቁጥር 8 ደግሞ 13 ግራም ተኩል ይሆናል። ሲያዩት የጥቂት ግራም ልዩነት ነው። ግን ቤር ክሪክ ላይ ብዙ ጊዜ የምለቀው ክር ከ15 ጫማ አይበልጥም። ያቺ አጭር ክር ቁጥር 8ን ንቅንቅ አታደርገውም፣ ዘንጉ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቀራል። ካልጎበጠ ደግሞ አይወረውርም። በጉልበቴ ስገፋው የነበረው ለዚህ ነው። ትከሻዬን የሚያመኝም ለዚህ ነበር።

ጀማሪ ሰው ቁጥሮቹ ቢምታቱበት አይፈረድበትም። ዘንግና ክር ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይከብዳል። መንጠቆ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 22 ቁጥር መንጠቆ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል።

አሁን ለቤር ክሪክ የያዝኩት 7 ጫማ ተኩል፣ ቁጥር 3 ነው። ይህን ዘንግ ወድጄዋለሁ። ዛሬ አኻያው ሥር ተንበርክኬ፣ ክንዴን ከጎኔ ሳላርቅ፣ ከቅርንጫፉ በታች አሾልኬ ወረወርኩት። ባለ 9 ጫማው ቢሆን ጫፉ ቅጠል ውስጥ ይገባ ነበር። ክሩ ውሃው ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። ስንዝር የምታህል ዓሣ ስትይዘው እንኳን እስከ እጀታው ቡሽ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሃል። በከባድ ዘንግ ያቺን ዓሣ መያዝህንም ላታውቅ ትችላለህ።

አጭር ይሻላል እያልኩ ግን አይደለም። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ዴከርስ የሚባለው ቦታ ስሄድ ይህን ዘንግ ቤት ትቼው ነው የምሄደው። እዚያ ወንዙ ሰፊ ነው። መሃሉ ይፈጥናል፣ ዳርና ዳሩ ይዘገያል። ክርህ ፈጣኑ ውሃ ላይ ከተኛ ዝንቧን ይጎትታታል። ትራውት ደግሞ ከውሃው ፈጥና የምትሄድ ዝንብ ካየ አይነካትም። ረጅም ዘንግ ክሩን ከዚያ ፈጣን ውሃ ላይ ብድግ አድርጎ ይይዝልሃል። ርዝመት ዋናው ጥቅሙ አርቆ መወርወር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ክርን መቆጣጠር ነው፣ ዝንቧ በራሷ እንድትንሳፈፍ ማድረግ። ዝንብን ከወንዙ ወለል አስጠግተው የሚያጠምዱ ሰዎች 10 ጫማ፣ ቁጥር 3 ይዘው የሚታዩትም ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋስም አለ። ቁጥር 3 ክር ነፋስ ሲነካው እንደ ሸረሪት ድር ይንሳፈፋል። ቁጥር 5 ይሰነጥቀዋል። ለዴከርስ 9 ጫማ፣ ቁጥር 5 ነው የምይዘው። አንድ ዘንግ ብቻ መግዛት የሚችልና ትራውት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝም መልሴ ይኸው ነው። ግን መጀመሪያ «የትኛው ወንዝ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አኻያ የከበበው ጅረት ነው ብሎ ከመለሰልኝ ቁጥር 3፣ ሐይቅ ነው ካለኝ ቁጥር 6 እለዋለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያስወራኝ ሌላም ነገር አለ። ለገና አገር ቤት እሄዳለሁ፣ ባሌም እወጣለሁ። ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም፣ ከኬንያ መጥቶ ነው ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው። ከእነዚያ ወንዞች አንዱ ዌብ ነው፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚገባው፤ ትራውቱ ያለው ግን ላይኛው ብርዳም ክፍሉ ላይ ነው። ጋሼ ስለዚያ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ከኋላህ ክርህን የሚይዝ ዛፍ የለም ይላሉ፣ ሜዳ ነው፣ ሣር ነው፣ ነፋስ ነው። ይህን ስሰማ ምርጫዬ ያኔውኑ አለቀ። የማጥመድ ፈቃዱን ዲንሾ ካለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደርሼ እጠይቃለሁ።

ማታ ከራት በኋላ ባለ 9 ጫማውን አራት ቦታ ፈታሁት። አንዱ ቁራጭ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሻንጣውን ከፍቼ አጋድሜ ለካሁት፣ ገባ። ወዲያው ጋሼ ጋር ደወልኩ።

«ስንት ቁጥር ያዝክ?» አሉኝ።

«አምስት።»

«ክሩስ?»

«እሱም አምስት ነው ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ዳንካ ወንዝ ላይ ጀምር» አሉኝ። «በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ።»